የነዳው የማን ልጅ ነው?

ኅዳር 12

ወንድምዓለም፣

ብርዱ እንዴት ይዞሃል? ዐይንህስ? ባለፈው የብየዳው ብልጭታ እያስለቀሰህ እንደሆነ ጽፈህልኝ ነበር። መነጽሩን አታውልቅ ብዬ ብለምንህም እንደማትሰማኝ አውቃለሁ፤ ከልጅነትህ ጀምሮ የሰማኸኝ ስትታመም ብቻ ነው። እኛ ሁላችንም አለን። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሰንብቷል፤ መልሱን ያዘገየሁት በስንፍና አይደለምና እንዳትቀየመኝ። የትምህርት ቤቱ የዩኒፎርም ትእዛዝ እንደ ዘንድሮ በዝቶብኝ አያውቅም። የስፌት ማሽኖቼ ሲንጣጡ ውለው ማታም ጆሮዬ ውስጥ ሲንጣጡ ያድራሉ።

ስለ ልጁ ጠይቀኸኛል። ደህና ነው። ያልጻፈልህ ፈተና ስለደረሰበት ነው። አልበላ ብሎ አይደለም የማይወፍረው፤ የበላውን የት እንደሚያደርገው እንጃ። ሰፈሩ «ሽቦ» ብሎ መጥራቱን አልተወም፣ እሱም ስሜ ብሎ ተቀብሎታል። ቁመቱ ግን አሁን የጓዳውን በር አልፏል፤ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው።

የዳቦ ማመላለሻዋ ፒካፕ ሰሞኑን ቆማለች። ትንሽ ነገር ገጥሟት ነው። ሾፌሩም ወገቡን አሞት ተኝቷል። ስለዚህ በዚህ ወር ከዳቦ ቤቱ የሚመጣ ነገር አይኖርም፤ ከላክህልኝ አብቃቅቼ እይዛለሁ፣ አንተ በዚህ ራስህን አታስጨንቅ። ሌላ የሚጻፍ የለኝም። የጀመርኩልህን ሹራብ አልጨረስኩትም፤ እጄ ሰሞኑን መርፌ አልይዝ ብሎኛል።

እህትህ


ኅዳር 27

እታለም፣

ሰላምታውን ዛሬ አሳጥሬብሻለሁ። ደብዳቤሽን ያመጣልኝ ለምንሠራው ድልድይ ብረት የሚያመላልሰው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ወረቀቱን ከመስጠቱ በፊት ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «አይዞህ» አለኝ።

«ምን ሆኜ?» አልኩት።

ደነገጠ። «የጻፉልህ መስሎኝ ነው እኮ» አለና ወደ ጋቢናው ወጣ። ሮጬ መስኮቱ ላይ ተንጠለጠልኩበት። አውጣ ብዬ ብወጥረው ያወጣው ይህን ብቻ ነው፤ የእኛ መኪና ሰው ገጭታለች፣ ሲነዳት የነበረውም የእኛ ሾፌር አልነበረም።

ታዲያ ማን ነበር? እታለም፣ «ትንሽ ነገር ገጥሟት» ብለሽ ስለ ማሽንና ስለ ሹራብ የምትጽፊልኝ እኔ እንግዳ ነኝ? ልጄ ደህና ነው? ሌላውን ተይው፣ መጀመሪያ ይህን ንገሪኝ። ልጄ በሆስፒታል ወይም በእስር ቤት ካለ ይህን ሥራ ጥዬ እመጣለሁ። ያለን አንድ ስልክ የአለቃው ነው፤ ብለምነው መስመር የለም አለኝ። ለጓደኞቹ ሲደውል ግን መስመሩ ይኖራል።

የተገጨው ሰው በሕይወት አለ? ማን ነው? ካለስ ምን ላይ ነው?

የብረት መኪናው ሾፌር እየጠበቀኝ ነው። ጻፊልኝ። ምንም አትደብቂኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 5

ወንድምዓለም፣

ይቅር በለኝ። ልደብቅህ ፈልጌ አልነበረም፤ ነገሩ በመካከል የሚሻል መስሎኝ ነው። አልተሻለም፣ እንግዲህ ስማው።

ሾፌሩ ወገቡ የተያዘው አደጋው የደረሰ ቀን በጠዋቱ ነው። ልብሱን ለብሶ በሩ ድረስ መጥቶ፣ እዚያው ግድግዳውን ይዞ ቀረ። ዳቦው ተጋግሮ፣ በሣጥን ተደርድሮ፣ ሱቆቹ ከፍተው እየጠበቁ ነው። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ «ዛሬ ከቀራችሁ ነገ ሌላ መኪና አለኝ» ብሎ ላከብኝ። ልጁ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «እኔ እችላለሁ፣ ቅርብ ለቅርብ ነው፣ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው» አለኝ። አይሆንም አልኩት። ለመነኝ። አባቴ አስተምሮኛል አለኝ። እውነቱን ነው፤ በመጣህ ጊዜ ሜዳው ላይ ከጎኑ ተቀምጠህ ስታስነዳው ውለህ፣ ማታ «እጁ የእኔ ነው» እያልክ ስትኩራራብኝ ነበር። ቁልፉን ሰጠሁት።

ያቀረበው ዳቦ ግማሹን ነው። የፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ያለበት መታጠፊያ ላይ አንድ ብስክሌተኛ በድንገት ገባበት። ብስክሌተኛውን አዳነው። መሪውን ግን መልሶ ማቃናት አልቻለም። ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ፎጣ እያሰጣ ነበር፤ ከግድግዳው ጋር አጣበቀችው።

ስደርስ ዳቦው መንገዱ ላይ ተበትኗል፣ ልጁ መሪው ላይ ተደፍቶ ይጮኻል። ፀጉር አስተካካዩ ግን አልጮኸም። ፊቱ አመድ መስሎ፣ በዚያ ደንበኛ በሚያባብልበት ድምፁ ምን እንዳለው ታውቃለህ? «አንተ ልጅ፣ ልቅሶው ይደርሳል፤ መጀመሪያ ወደ ኋላ መልሳት።» ልጁም መለሳት። ከዚያ ወርዶ በሁለት እጁ ታቀፈው፣ ሆስፒታል እስኪገባም አልለቅም አለ።

ዳሌው ተሰብሯል፣ ጭኑም ሁለት ቦታ። ሐኪሙ ይድናል ይላል፤ መቆሙን ግን እንጃ ይላል።

ልጁን ፖሊስ አቆይቶት ነበር። አሥራ ስምንት ስላልሞላው ወንጀሉን በተግሣጽ አልፈውለታል፤ ቢሞላው ኖሮ እስር ቤት ነበር የሚወርደው። አሁን ቤት ነው። አይበላም፣ አይናገርም፣ ማሽኖቹን በየማለዳው ይወለውልልኛል፤ ሳልጠይቀው።

የቀረው የካሳው ጉዳይ ነው። መድኑ «መንጃ ፈቃድ የሌለው ልጅ ለነዳው አልከፍልም» ብሎናል። የፀጉር አስተካካዩ ጠበቃ ቤቴ መጥታ ነበር። ጨዋ ሴት ናት፣ ጫማዋን እንኳ በሩ ላይ ጠርጋ ነው የገባችው። «አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ላጠፋው በፍትሐ ብሔር የሚጠየቀው አባቱ ነው» አለችኝ። አባቱ ሩቅ አገር ሥራ ላይ ነው አልኳት። «መጥሪያ ሩቅም ይደርሳል» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ብቻዬን አልችለውም። ወይ ና፣ ወይ ምን አድርጊ እንደምትለኝ ጻፍልኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 21

እታለም፣

ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ስቀድ ከረምኩ። ፀጉር አስተካካዩን ሳስበው እንቅልፍ የለኝም። የልጁን እናት ያገባሁ ቀን ፂሜን የላጨኝ እሱ ነው፤ ስቁነጠነጥበት «ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ የምታገባው አንተ እንጂ ምላጩ አይደለም» ብሎኝ ሁላችንም ስቀን ነበር። እግዜር ይማረው። ሄደሽ ስትጠይቂው ሰላምታዬን አድርሽልኝ።

አሁን የምጽፍልሽን በክፉ አትይብኝ። እዚህ የሒሳብ ሠራተኛው ሕግ ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ነው። ነገሩን አጫወትኩት። እሱ እንደሚለው አባት የሚጠየቀው ልጁ በእጁ ሲሆን ነው። ልጁ ከሌላ ሰው ጋር የሚኖር ከሆነ፣ መቆጣጠር የነበረበት ያ ሰው ነው። መኪናም እንደዚያው፤ ጥፋት ኖረም አልኖረም ባለቤቱ ይጠየቃል። መኪናዋን የገዛሁት እኔ ብሆንም እኔ ስለማልመላለስ ሊብሬው በአንቺ ስም ነው የወጣው። ልጅሽም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከቤትሽ ወጥቶ አያውቅም። ቁልፉንም የሰጠሽው አንቺ ነሽ። እኔ አላልኩም፣ ሕጉ ነው የሚለው።

ሌላም ነገር አለ። ሰውዬው «ልጁ አሥራ ስምንት ቢሆን ኖሮ ማንም ሌላ ሰው አይነካም ነበር፤ ራሱ ይጠየቃል፣ የሌለውን ደግሞ ማን ይወስድበታል?» አለኝ። እስኪሞላው የቀረው ጥቂት ወር ነው። የተወለደበትን ቀን በትክክል የምናውቅ እኔና አንቺ ብቻ ነን። እናቱ በሕይወት የለችም፤ አዋላጇም ሞታለች። አንቺ ፍርድ ቤት ቀርበሽ ቀኑን ትንሽ ወደ ኋላ ብትስቢው ማን ይከራከርሻል? ቢያስሩትም ብዙ አያቆዩትም። ወጣት ነው፣ ይችለዋል። እኛ ከተነቀልን ግን አንቺም እኔም ዳግም አንበቅልም።

አሁን መምጣት አልችልም። ምክንያቱን ሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ።

ወንድምሽ


ጥር 3

ወንድሜ፣

ጽሕፈቴ ካልተነበበልህ ለሒሳብ ሠራተኛው ስጠው፤ ሁሉን ያውቃል።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ቦታ ላይ ዐይኔ እየተሰነቀረ አላልፍ አለኝ። «ልጅሽም» ትላለህ። ኅዳር ላይ ስትጽፍልኝ «ልጄ ደህና ነው?» እያልክ ነበር። በዚህ መካከል የወለድኩት እኔ ነኝ? ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ጊዜ ለካምፑ ሰው ሁሉ ቢራ የገዛኸው በማን ልጅ ነው? ጉድ ነው መቼም! ሲመሰገን ያንተ፣ ሲከሰስ የእኔ።

ቀኑን ወደ ኋላ ሳቢው አልከኝ። ያን ቀን እኔ ነበርኩ እዚያ ቤት። አንተ ውጭ ቆመህ ጥፍርህን ስትበላ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ያወጣሁልህ እኔ ነኝ። ያንን ቀን እንዴት አድርጌ ነው የማንቀሳቅሰው? ብስበውስ የሚወድቀው ማን ላይ ነው? ከነፍሰ ገዳይና ከዘራፊ ጋር የሚያድረው ማን ነው? ያንተ «ይችለዋል» አጥንቴን ነው የሰበረው።

«አባቴ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አይዞህ ብሎሃል» አልኩት። «ይመጣል?» አለኝ። «ሥራው ሲያልቅ» አልኩት። ላንተ ብዬ የዋሸሁት ይበቃሃል፤ ሌላ አትጨምርብኝ።

ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ስድስት ሰው የተኛበት ክፍል ነው፤ እሱ መስኮቱ ስር ነው፣ እግሩ በገመድ ወደ ላይ ተንጠልጥሏል። ሰላምታህን አደረስኩለት። ዐይኑን ከጣሪያው ላይ አነሣ። ከዚያ የጎረቤቱን በሽተኛ በዐይኑ እያሳየኝ፣ «ማን እንደቆረጠው አላውቅም፣ ያን ማጅራት ባየሁት ቁጥር ከእግሬ ይብስ ያመኛል» አለ። ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

«ትሠራለህ እኮ፣ ይሻልሃል» አልኩት።

«እመቤት፣ የእኔ ሥራ ላይ የሚቀመጠው ደንበኛው ነው፤ እኔ እቆማለሁ። አሁን ሁለታችንም ልንቀመጥ ነው?»

ነጠላዬን ሰብስቤ ተነሣሁ። ልወጣ ስል ጠራኝ። «ልጁን እንዳታመጪብኝ» አለ። «ክፉ ተመኝቼለት አይደለም። ሳየው ግን ያ ግድግዳ ይመጣብኛል።»

ስለ ፍርድ ቤቱ እንደፈለግህ አድርግ። አንተ የምትለውን ካልክ እኔም የምለው አላጣም።

እህትህ


ጥር 20

እታለም፣

መጥሪያው ደርሶኛል። እዚህ ያለው ፍርድ ቤት ቀርቤ ቃሌን በጽሑፍ ሰጥቻለሁ፤ ወደ እናንተው ይላካል። ሲነበብ ብትሰሚው አትቀየሚኝ። ቃሉን ያሳመረው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ እንደዚያ አላወራም፣ ታውቂኛለሽ። ስለ ቀኑ የጻፍኩልሽንም እርሽው። ተናድጄ፣ ደንግጬም ነበር።

ለምን አትመጣም፣ ለምንስ አትከፍልም ብለሽ ታዝበሽኛል። ማወቅሽ ካልቀረ ከእኔ እወቂው። አግብቻለሁ። ካምፑ አጠገብ ባለች ከተማ ቤት ተከራይተን እየኖርን ነው፤ ሚስቴ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት። ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ ገብቷል። ደብቄሽ አይደለም፣ ልጁ በመጀመሪያ ከእኔ አፍ እንዲሰማው ፈልጌ ነው። በዕረፍት ስመጣ እነግረዋለሁ እያልኩ፣ ሳልነግረው ስንት ዕረፍት አለፈ። የምልክልሽ ነገር ባለፈው ዓመት የቀነሰውም በዚሁ ነው፤ አንቺ ግን አንድ ቀን እንኳ ለምን አላልሽኝም። ያ ዝምታሽ ከስድብ ይብስብኛል።

አትንገሪው። እባክሽ። አሁን ጊዜው አይደለም።

ወንድምሽ


የካቲት 11

ወንድሜ፣

እንኳን ደስ ያለህ። ያገባ ሰው ይህ ይባላል፤ እኔም ብያለሁ። ሚስትህን ሰላም በልልኝ።

ችሎቱ እንዴት እንደሆነ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። የመስኮቱ እጀታ ወልቆ በሲባጎ አስረውታል፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይንኳኳል። ፀጉር አስተካካዩ በክራንች ገባ፤ አግዳሚው ዝቅ ስላለበት መቀመጥ አቅቶት የችሎት ጸሐፊው የራሱን ወንበር ሰጠው። ልጁ ከእኔ አጠገብ ነበር። በዓመቱ መጀመሪያ የሰፋሁለትን ሱሪ ለብሷል፤ ቁርጭምጭሚቱ ወጥቷል።

ዳኛዋ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች፤ ጉንፋን ይዟታል። መጀመሪያ ልጁን አስነሳችው።

«ዕድሜህ ስንት ነው?»

«አሥራ ሰባት። በዚህ ወር መጨረሻ አሥራ ስምንት ይሞላኛል።»

ማንም ምን በል አላለውም፤ እኔም አላልኩትም። ቀና አለና፣ «ክብርት ዳኛ፣ ከሞላኝ በኋላ ብትፈርዱብኝስ?» አላት።

«ለምን?»

«ያጠፋሁት እኔ ነኛ። ሠርቼ ልክፈለው።»

ዳኛዋ አፍንጫዋን ጠረገች። «የሚታየው አደጋው የደረሰበት ቀን ነው» አለችው። «ነገ ብትሸብትም ያን ቀን ልጅ ነበርክ። ተቀመጥ።»

ከዚያ ያንተ ቃል ተነበበ። አንብቦ የማያውቅ ይመስል ጸሐፊው እየተንተባተበ፣ ሰው ሁሉ ደግሞ ጆሮውን አቁሞ። «ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በእህቴ ሙሉ ቁጥጥር ሥር ያለ ሲሆን፣ ከእኔ ጋር ያለው ግንኙነት በጽሑፍ ሰላምታ ከመለዋወጥ ያለፈ አይደለም።» ልጁ አልተነቃነቀም። እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር፣ እዚያው ቆየ። እኔ በልቤ «አየኸው? አየኸው አባትህን?» እያልኩ ነበር። አዎ፣ እንደዚያ ነበር የማስበው። አሁን ላንተ ምን እደብቃለሁ።

ቀጥሎ የእኔ ተነበበ።

አልነገርኩህም፤ «ልጅሽም» ያልክበት ደብዳቤ የደረሰኝ ሰሞን እኔም ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰውዬ ዘንድ ሄጄ ነበር። እልህ ይዞኝ ነበር። ቤቱ ይሸጥብኛል ብዬም ፈርቼ ነበር። «አባቱ በሕይወትና በሥራ ላይ ያለ ስለሆነ፣ እኔ ለልጁ የማደሪያ ቦታ ከመስጠት በቀር የወላጅነት ኃላፊነት ወስጄ አላውቅም።» ቃሉን የመረጠው ሰውዬው ነው። ሲያነብልኝ ግን «ልክ ነው?» ብሎኝ፣ «ልክ ነው» ብዬ ፈርሜያለሁ።

በዚህ ጊዜ ልጁ ዞር ብሎ አየኝ። የተናደደ ሰው አስተያየት አልነበረም። መንገድ ላይ የሚያውቃት መስሎት ጠርቶ፣ ዞር ስትል ሌላ ሴት የሆነችበት ሰው አስተያየት ነው።

ዳኛዋ፣ «እና አንተ የምትኖረው ከማን ጋር ነው?» አለችው።

ተነሣ። «ይኸው አሁን ሰማሁ፤ ከማንም ጋር አልኖርም» አላት።

ከኋላ ሰዎች ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነው።

ዳኛዋ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞራ የሚለው እንዳለ ጠየቀችው። ጠበቃዋ ልትነሣለት ስትል በእጁ አስቀመጣት። «ክብርት ዳኛ፣ እኔ ሕግ አላውቅም» አለ። «ይህ ልጅ ፀጉሩን ልቆረጥ ብሎ ወንበሬ ላይ መውጣት ሲያቅተው፣ ብብቱን ይዛ የምትሰቅለው እሷ ነበረች። ምላጭ ፈርቶ ሲያለቅስ ደግሞ፣ አባቴ ሲመጣ እነግርብሃለሁ እያለ ነበር የሚያስፈራራኝ። የማን ልጅ ነው ካላችሁኝ እኔ የማውቀው ይህን ነው። እነሱ ካልፈለጉት ሌላ ነገር ነው።»

ይህን ብሎ እግሩን ቀስ አድርጎ አስተካከለ።

ፍርዱ የተሰጠው ከሰዓት በኋላ ነው። አንተ በአባትነትህ፣ እኔ በመኪናዋ ባለቤትነትና ቁልፉን በመስጠቴ፣ በአንድነትና በነጠላ እንድንከፍል። ጠበቃዋን ምን ማለት ነው ብላት፣ «አንዱ ቢጠፋ ሌላው ሁሉንም ይከፍላል ማለት ነው» አለችኝ። የጻፍከው አንድ ቃል አልጠቀመህም። እኔንም አልጠቀመኝም። ዳኛዋ ሁለቱንም ወረቀት ወደ ጎን ገፍታ ነው የፈረደችው። ልጁ ብቻ ነው ሁለቱንም ይዞ የሄደው።

ወደ ቤት ስንመለስ ከፊት ከፊቴ ይሄድ ነበር። ጠራሁት፤ ቆመልኝ፣ ስደርስ ደግሞ ሄደ።

እህትህ


መጋቢት 16

እታለም፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ሚስቴ «ማን ሞተ?» አለችኝ። ማንም አልኳት።

ከደመወዜ በየወሩ እንዲቆረጥ ፈርሜያለሁ። ያንቺን ድርሻ ለማቃለል የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ፤ ይህን በቃል ሳይሆን በሥራ ታይዋለሽ። ሴት ልጅ ተወልዳልናለች። የላይኛው ከንፈሯ ቁርጥ የወንድሟ ነው።

ልጁን ላኪልኝ። ትምህርቱ ካቃተው ብየዳ አስተምረዋለሁ፤ ከእኔ ጋር ይኑር፣ እህቱን ይወቅ። ደብዳቤ ብጽፍለት ብጽፍለት አይመልስልኝም። የብረት መኪናው ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ይመለሳል፤ ሾፌሩን አነጋግሬዋለሁ፣ ጋቢና ውስጥ ያመጣዋል። ልብሱን ብቻ አዘጋጂለት። ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ፊት ለፊት ሲሆን ይሻላል።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 9

ወንድምዓለም፣

ልጅህ ትደግልህ። የልብስ ቁራጭ ሰብስቤ ትንሽ ቀሚስ ሰፍቼላታለሁ፤ በሾፌሩ ልኬዋለሁ። ከሰፋባት ታድግበታለች።

ሌሎቹን ለካሳው ሸጬ ከማሽኖቼ አንዱ ቀርቶልኛል። ቤቱን ለጊዜው አልነኩትም። ፒካፗን የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ራሱ ነው የገዛት፤ አሁን ጠዋት ጠዋት በደጄ ስታልፍ ሌላ ሰው ይነዳታል። የዩኒፎርሙን ትእዛዝ ለሌላ ሰጡት። ይህን የምጽፍልህ እንድትጨምርልኝ አይደለም፤ እንድታውቀው ነው።

ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ከፍቷል። ከፍ ያለ በርጩማ አሠርቶ እሱ ላይ ተደግፎ ይቆርጣል፣ ደንበኛው ነው የሚዞርለት። ቶሎ ይደክመዋል፤ ከቀትር በኋላ ይዘጋል። ባለፈው በበሩ ሳልፍ ልጁ እዚያ ውስጥ ሲጠርግ አየሁት። ፀጉር አስተካካዩን ብቻውን ሳገኘው «ይቅር አልከው?» ብዬ ጠየቅሁት። «አላልኩትም» አለኝ። «ይመጣል፣ ይጠርጋል፣ ፎጣ ያጥባል፣ ይሄዳል። አንድ ቃል አንነጋገርም። አትምጣ ብለው ደግሞ የሚሄድበት ያለው አይመስለኝም።»

ልጁን ላኪልኝ ብለሃል። የምልከው ከየት አምጥቼ ነው? አሥራ ስምንት የሞላው ቀን ጠዋት ተነሣሁ፤ አልጋው ተነጥፏል፣ እሱ የለም። እንጨት መሰንጠቂያው ግቢ ጣውላ ይጭናል፣ እዚያው ከዘበኞቹ ጋር ያድራል። ትምህርቱን ትቶታል። ከሚያገኘው ላይ ለፀጉር አስተካካዩ ይሰጣል አሉ። ማንም አላስገደደውም፤ ፍርዱ ላይ የእሱ ስም የለም። ያንተን መልእክት ልነግረው ግቢው ድረስ ሄጄ ነበር። አልወጣም አለ፤ ዘበኛው «ሥራ ላይ ነው ብሏል» ብሎ መለሰኝ።

ከሰሞኑ ግን ራሱ መጣ። ብርድ ልብሱን ሊወስድ ነው። በሩ ክፍት ነበር፣ ግን አንኳኳ። «ማን ነው?» እያልኩ ቀና ስል እሱ ነው፤ የበሩ ደፍ ላይ ቆሟል፣ ትከሻው ሰፍቷል፣ መዳፉ በስንጥር ተቦጫጭቋል።

«እንደምን ዋሉ?» አለኝ።

ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ሌላ ሰው የገባ መስሎኝ። ያ አፉን የፈታው በእኔ ስም የሆነ ልጅ፣ ሲናደድብኝ እንኳ «አንቺ ደግሞ!» እያለ ነው ያደገው። አንቱ አለኝ፣ ወንድሜ። ለማሾፍ ቢሆን ኖሮ በጥፊ ባልኩት፣ እፎይ ባልኩም ነበር። አላሾፈም። ለማያውቁት ትልቅ ሰው እንደሚባለው፣ በትህትና ነው ያለኝ።

«ግባ እንጂ» አልኩት።

«አይ፣ አልቆይም።»

«አባትህ ና ብሎሃል። አግብቷል። እህት ተወልዳልሃለች።» አትንገሪው ያልከውን እዚያው ደፉ ላይ ዘረገፍኩት፤ የሚያስቀረው ነገር ፍለጋ።

በዐይኑ ብርድ ልብሱን ፈለገ። «እንኳን ደስ ያላቸው ይበሉልኝ» አለ።

አንተንም አንቱ ብሎሃል እንግዲህ።

ብርድ ልብሱን አጥፌ ሰጠሁት። ምድጃው ላይ የተረፈ ምግብ ነበረ፣ ሙቅ ነው፣ ላቅርብልህ አልኩት። እጁን ይዤ ላስገባው ስል ቀስ ብሎ፣ ሳያመናጭቀኝ፣ ከእጄ ውስጥ እጁን አወጣ።

«ኧረ አይቸገሩ» አለኝ።

እህትህ